«ሲስተም የለም» ከማለታችን በፊት የት ላይ እንደተቋረጠ እንጠይቅ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

በቅርቡ በደብዳቤ ዓምዳችሁ አንድ አንባቢ በከተማችን በጎንደር የኢንተርኔት መቆራረጥ ሥራቸውን እንዳስተጓጎለባቸው ገልጸው፣ «ችግሩ ምን እንደሆነ እንኳ የሚነግረን ጠፋ» በማለት ያቀረቡትን ቅሬታ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ቅሬታው ትክክል ነው። እኔም በማራኪ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት አገልግሎት የምሰጥባት አነስተኛ ሱቅ ስላለችኝ ያንኑ ምሬት በየዕለቱ ከደንበኞቼ አፍ እሰማለሁ። ይሁን እንጂ ጸሐፊው የሚነግራቸው ያጡበት ነገር፣ ቢያንስ በከፊል፣ ከገዛ ኮምፒውተራችን ፊት ተቀምጠን ልንደርስበት የምንችለው ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በባንክ መስኮትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ባንኮኒ «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ዛሬ ዛሬ ምክንያት መስሎ ይነገራል። እንደ እኔ ግን ቃሉ በር ላይ ቆሞ «ጌታዬ የሉም» ከሚለው ዘበኛ ቃል ብዙም የራቀ አይደለም፤ ጌታው የት እንደሄዱ፣ መቼ እንደሚመለሱ ወይም ጭራሽ ከጓዳ ተቀምጠው እንደሆነ አይገልጽም። የተበላሸው የሰውየው ኮምፒውተር ይሁን፣ የሕንፃው ገመድ ይሁን፣ ከፖሉ እስከ ማዕከሉ ያለው መስመር ይሁን፣ ወይም ባሕር ማዶ ያለው ሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ይሁን፣ ሁሉም በዚያች ሁለት ቃል ውስጥ ይጠቀለላል። በስልክ ወደ አገልግሎት ሰጪው ብንደውልም የመጀመሪያው መልስ «ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት» ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ «ባለሙያ እንልካለን» ነው። የት ላይ እንደተቋረጠ የሚጠይቅ የለም፤ እኛም አንናገርም።

ከአንዲት የጎንደር ሱቅ የተነሣ መረጃ ሩቅ ካለ ሰርቨር የሚደርሰው በአንድ ዝላይ አይደለም። በመንገዱ ላይ ብዙ ጊዜ ከአሥር የሚበልጡ ራውተሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የመረጃውን ጥቅል ከአንዱ ተቀብለው ለቀጣዩ ያቀብላሉ። የእነዚህን ማረፊያዎች ስምና ርቀት ከቤት ሳይወጡ በተራ ማወቅ ይቻላል፤ ብልሃቱንም በሱቄ ለሚሠሩት ልጆች የማስረዳቸው በመልእክተኛ ምሳሌ ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በእግሩ የሚላክ ሰው እናስብ። ለመጀመሪያው መልእክተኛ እስከ መጀመሪያው ማረፊያ ብቻ የሚያደርስ ስንቅ ይሰጠዋል፤ አዘዞ ሲደርስ ስንቁ ያልቅበታል፣ ወደፊትም መሄድ አይችልም፤ የአዘዞው ባለቤትም «መልእክተኛህ እኔ ዘንድ ደርሶ ስንቁ አለቀ» ብሎ ለላኪው ወሬ ይመልሳል። ሁለተኛው የሁለት ማረፊያ ስንቅ ይዞ ይነሣና አዘዞን አልፎ ጠዳ ላይ ይቆማል፤ ሦስተኛው ከማክሰኝት፣ አራተኛው ከእንፍራንዝ ወሬው ይመጣል፤ ከዚያም አዲስ ዘመን፣ ከዚያም ወረታ እያለ ይቀጥላል። ላኪው መንገዱን በእግሩ ሳይረግጥ ማረፊያዎቹን በቅደም ተከተል ዐወቀ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ወሬ ተመልሶ ለመምጣት የፈጀውንም ጊዜ ስለሚቆጥር የትኛው እርምጃ ላይ ጉዞው እንደሚጓተት ያያል። ከእንፍራንዝ ወሬ መጥቶ ከአዲስ ዘመንም ሆነ ከዚያ ወዲያ ካሉት ካልመጣ፣ ነገሩን መፈለግ ያለበት ከእንፍራንዝ ወዲያ እንጂ ጎንደር ላይ እንዳልሆነ ይረዳል።

በኔትወርክ ውስጥ ስንቁ አንድ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ የመረጃ ጥቅል ከ255 የማይበልጥ ቁጥር ተሸክሞ ይነሣል፤ የሚያልፍበት ራውተር ሁሉ ከቁጥሩ ላይ አንድ ይቀንሳል፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ጥቅሉ ይጣላል፣ የጣለው ራውተርም «ጊዜው አልቋል» የሚል ማስታወሻ ለላኪው ይልካል። ቁጥሩ መጀመሪያ የተፈጠረው መንገድ የሳቱ ጥቅሎች በኔትወርኩ ውስጥ ለዘላለም ሲዞሩ እንዳይኖሩ ለመከላከል ብቻ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ቫን ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህንኑ መከላከያ ወደ መንገድ መፈለጊያ በመለወጥ ትሬስራውት የተባለውን መሣሪያ ሠራ። ከእሱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1983፣ ማይክ ሙስ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ የአንድን መሣሪያ በሕይወት መኖር የሚጠይቀውን ፒንግን ሠርቶ ነበር፤ ስሙንም ያወጣለት የባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን ለማግኘት በውኃ ውስጥ ከሚለቀቀው ድምፅ ነው። ሁለቱም ዛሬ በየኮምፒውተሩ ያለ ክፍያ ተጭነው ይገኛሉ። በዊንዶውስ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ትሬሰርት (tracert፣ ትሬስራውት በዊንዶውስ የሚጠራበት ስም) ብሎ፣ ቀጥሎም የሚፈለገውን ድረ ገጽ ስም በላቲን ፊደል ጽፎ ኢንተርን መጫን ብቻ ይበቃል። መሣሪያው ካልተነገረው በቀር እስከ 30 ማረፊያ ድረስ ይሄዳል፤ ለእያንዳንዱም ማረፊያ ሦስት ሦስት መልእክተኛ ይልካል፤ የእያንዳንዱን ማረፊያ ወሬም በማያ ገጹ ላይ በአንድ በአንድ ረድፍ ያሰፍራል።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመክሰስ ብቻ እንዳይመስል በራሴ ከደረሰው ልጀምር። ባለፈው ዓመት የጥምቀት እንግዶች በተሰናበቱ ማግስት የሱቄ መስመር ይቆራረጥ ጀመር፤ ይልቁንም ብዙ ወረቀት በምናባዛበት ሰዓት ፈጽሞ ይጠፋ ነበር። ሳምንት ሙሉ አገልግሎት ሰጪውን ስረግም ከርሜ፣ ሁለት ጊዜም ደውዬ ከተቆጣሁ በኋላ፣ ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁና መንገዱን ፈለግሁ። ከማያ ገጹ ላይ የመጀመሪያው ረድፍ፣ ማለትም በገዛ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ራውተር፣ ከሦስቱ ሙከራዎች ለሁለቱ መልስ ሳይሰጥ በኮከብ ምልክት ተሞልቶ አየሁት። የአዘዞን ወሬ ሳይሆን የራሴን ደጃፍ ወሬ አጥቻለሁ ማለት ነው። የእጅ ባትሪ ይዤ ከጠረጴዛው ሥር ስገባ፣ ለበዓሉ ሰሞን ለሰው መቀመጫ እንዲለቅ ብለን ያዛወርነው የፎቶ ኮፒ ማሽን ጎማ ገመዱን ረግጦ ተቀምጧል፤ ማሽኑ በሠራና በተንቀጠቀጠ ቁጥር የተጨፈለቀው ገመድ ይነካካል። አራት ሜትር ገመድ ቀየርሁና ነገሩ አበቃ። በስልክ የተቆጣኋትን ልጅ ይቅርታ ለመጠየቅ አላገኘኋትም።

ሁለተኛው ግን የእኔ ጥፋት አልነበረም። በግንቦት ወር በየምሽቱ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ መስመሩ እንደ በሬ ይጎተት ነበር። አንዲት ተማሪ ለውጭ ትምህርት ዕድል ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ልታደርግ ሱቄ ገብታ፣ ጠያቂዎቹ «ድምፅሽ ይቆራረጣል» እያሉ ሦስት ጊዜ ካስደገሟት በኋላ ግንኙነቱ ተቋረጠ። ተነሥታ ሒሳቧን ልትከፍል ቦርሳዋን ስትከፍት ዓይኗን ማየት አልቻልኩም፤ ገንዘቧንም አልተቀበልኩም። ባለሙያ ሦስት ጊዜ ተልኮልኛል። የመጀመሪያው ሞደሙን ለወጠው፤ ሁለተኛው ከፖሉ የሚመጣውን ገመድ አደሰው፤ ሦስተኛው «ኮምፒውተሮችዎ ቫይረስ አለባቸው» ብሎኝ ሄደ። ሦስቱም የመጡት ጠዋት ሲሆን፣ ጠዋት ደግሞ መስመሩ እንደ ወንዝ ይወርዳል።

ስለዚህ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዝቼ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ መንገዱን እየፈለግሁ መመዝገብ ያዝሁ። ምዝገባው ሁልጊዜ ወደ አንድ አድራሻ፣ ከአንዱ ኮምፒውተር፣ ዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ነበር፤ ይህ ካልተጠበቀ የዛሬውን ከትናንቱ ማነጻጸር አይቻልምና። በሦስት ሳምንት ውስጥ መልኩ ለዓይን ጎልቶ ወጣ። ሁለተኛው ረድፍ ጠዋትም ማታም 4 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺሕኛ) አካባቢ ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ ቀን 6 ሚሊሰከንድ የነበረው ማታ 190 ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ረድፎች ሁሉ እስከ መጨረሻው ድረስ ያንኑ ጭማሪ ተሸክመው ይወርዳሉ። አራተኛው ባለሙያ ሲመጣ ደብተሩን ከፊቱ አኖርሁለት። ቁጭ ብሎ አነበበና «በገመድ ነው በዋይፋይ?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያች ጥያቄ ብቻ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑን ተረዳሁ። ከራሱ ላፕቶፕ ደግሞ ሞክሮ፣ ሁለት ገጽ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ «ይኼ ከእርስዎ ቤት አይደለም፤ የሰፈሩ የጋራ መስመር ማታ ማታ እየሞላ ነው» አለኝ። በዘጠነኛው ቀን ሦስተኛው ረድፍ ማታም 6 ሆነ። የተማሪዋ ቃለ መጠይቅ ግን ካለፈ አልፏል።

ከዚህ በኋላ ብዙ ጎረቤቶቼ መሣሪያውን መጠቀም ጀምረዋል፤ አብዛኞቹ ግን ውጤቱን እየተሳሳቱ ስለሚያነቡት በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይኖርብኛል። የመጀመሪያው ስሕተት ኮከብን እንደ ብልሽት ማየት ነው። አንድ ራውተር ለመልእክተኛው ወሬ ሳይመልስ፣ መንገደኛውን ግን ያለ አንዳች ችግር ሊያሳልፍ ይችላል፤ ብዙዎቹ ለደኅንነት ሲባል ዝም እንዲሉ ተደርገው የተዘጋጁ ናቸው። በመሐል አምስተኛው ረድፍ ሦስት ኮከብ ሆኖ ስድስተኛውና ሰባተኛው በደኅና ከመለሱ፣ አምስተኛው ሰላምታ የማይመልስ ኩሩ ጎረቤት ነው ከማለት ሌላ የሚባል የለም። ብልሽት የሚጠረጠረው ከአንድ ረድፍ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ኮከብ ብቻ ሲሆን፣ ድረ ገጹም በተጨባጭ አልከፈት ሲል ነው። ያኔም ቢሆን የመጨረሻው ሰርቨር ራሱ መልስ እንዳይሰጥ ተደርጎ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚሠራ መሆኑን አስቀድመን ወደምናውቀው ሌላ አድራሻ መሞከር ያስፈልጋል።

ሁለተኛውና የባሰው ስሕተት በመሐል አንድ ትልቅ ቁጥር አይቶ «አገኘሁት» ብሎ መጮኽ ነው። ራውተር ዋና ሥራው ጥቅል ማሳለፍ ነው፤ ለጠያቂ ወሬ መመለስ ትርፍ ሥራው ስለሆነ ሥራ ሲበዛበት መልሱን ያቆየዋል። ስለዚህ አራተኛው ረድፍ 200 ሚሊሰከንድ ሆኖ አምስተኛው ወደ 20 ከወረደ፣ አራተኛው መልስ ለመስጠት ዘገየ እንጂ መንገዱ አልተዘጋም፤ መንገዱ ተዘግቶ ቢሆንማ አምስተኛውም የሚታለፈው በዚያው በር ነበርና ከ200 ባልወረደ ነበር። እኔ በደብተሬ ላይ የተማመንሁት ሦስተኛው ረድፍ ብቻውን ስለተቀየረ ሳይሆን፣ ከእሱ ወዲያ ያሉት ሁሉ አብረውት ስለተቀየሩ ነው። በዚህ ላይ መሣሪያው የሚያሳየው የሄደበትን መንገድ ብቻ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ወሬው በሌላ መንገድ ዞሮ ሊመለስ ይችላል፣ የመመለሻው መንገድ ጥፋትም የመሄጃው መስሎ ይታያል።

ርቀትም የራሱን ግብር ያስከፍላል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ገመዱ መንገዱን ተከትሎ ቢዘረጋ ደርሶ መልስ 7 ሚሊሰከንድ ያህል ከመውሰድ የሚያድነው ቴክኖሎጂ የለም። 6000 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚገኝ ሰርቨር ደግሞ ከ60 ሚሊሰከንድ ያነሰ መልስ መጠበቅ ከብርሃን ጋር መጣላት ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ወደ ውጭ የምንልከው መረጃ በጎረቤት አገሮች በኩል፣ በተለይም በጅቡቲ፣ አልፎ ወደ ባሕር ሥር ገመዶች ይደርሳል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ ኤኤኢ-1፣ ኢአይጂና ሲኮም የተባሉት ሦስት ገመዶች ተበላሽተው በእስያና በአውሮፓ መካከል ከሚተላለፈው መረጃ ከፊሉ በሌላ መንገድ መዞር ግድ ሆኖበት ነበር፤ እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስ ጭማሪው የሚታየው ከረድፎቹ መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ፣ በማራኪ የሞደም መለወጥ ለማንም አይፈይድም። በቪሳት፣ ማለትም በሳተላይት፣ የሚሠራ የገጠር ቅርንጫፍ ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው፤ ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከቆሙት ወገን ከሆነ፣ መልእክቱ ወጥቶና ወርዶ፣ መልሱም እንደገና ወጥቶና ወርዶ ለመድረስ ከ470 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ይህም ብልሽት አይደለም።

መሣሪያው የማይመልሰው ጥያቄም አለ። የመስመሩን ስፋት፣ ማለትም በሰከንድ ምን ያህል ሜጋቢት እንደሚያልፍ፣ አይለካም። የድረ ገጾችን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠው የስም ማውጫ ሲበላሽም መንገዱን ከመፈለጉ በፊት ይቆማል፤ ሁሉም ድረ ገጽ በስሙ እምቢ ብሎ 8.8.8.8 ወደሚለው የጉግል አድራሻ በቁጥር ስንሞክር መንገዱ ከተከፈተ፣ የጠፋው የስም መዝገቡ እንጂ ጎዳናው አይደለም። ለዚህ መፍትሔው የሞደሙን ቅንብር ማየት ስለሆነ ባለሙያ መጥራትም ላያስፈልግ ይችላል።

እንግዲህ የደብዳቤዬ ጥያቄ ለአገልግሎት ሰጪዎች ነው። የቅሬታ መቀበያ ቅጻችሁ ስምን፣ ስልክ ቁጥርንና «የችግሩ ዓይነት» የሚለውን ብቻ ይጠይቃል፤ ለችግሩ ዓይነት የተሰጡት ምርጫዎችም «አይሠራም» እና «ዘገምተኛ ነው» የሚሉ ናቸው። ከዚያ ሥር ችግሩ በስንት ሰዓት እንደሚታይና ከስንተኛው ረድፍ እንደሚጀምር የሚሞላበት አንድ ባዶ ቦታ ብትጨምሩ ለእናንተም ነዳጅና የባለሙያ ጊዜ ይቆጥብላችኋል፤ እኔ ዘንድ ሦስት ጊዜ በከንቱ የተመላለሰው መኪና ከአንድ ሰው ሥልጠና በላይ ሳያስወጣ አልቀረም። የማታ ችግር ያመለከተ ሰው ዘንድ ባለሙያ ማታ ይላክ፤ ካልተቻለም ደንበኛው ማታ ያነሣውን ፎቶ በቴሌግራም ተቀብላችሁ ተመልከቱለት። ስልክ የምታነሣውም ልጅ ከ«አጥፍተው ያብሩት» ቀጥሎ የምትጠይቀው ሁለተኛ ጥያቄ ይኑራት። ይህን ሁሉ ተራ ደንበኛ አይችለውም የሚል ክርክር እንደሚነሣ ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን በሱቄ የፓስፖርት ማመልከቻና የዲቪ ቅጽ የሚሞሉልኝ ሁለት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብልሃቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ለምደውታል፤ አሁንማ እኔን ያርሙኛል።

ቅሬታ ለሚያቀርቡ ወገኖቼም አንድ ነገር ላሳስብ። የአንድ ቀን ፎቶ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። መስመሩ ደኅና በሆነበት ሰዓትም መዝግባችሁ ያዙ፤ የጤናውን ቀን ቁጥር የማያውቅ የሕመሙን ቀን ቁጥር በምን ይመዝነዋል? የሚታተመውም ወረቀት የራሳችሁን አድራሻ ሊያሳይ ስለሚችል ለባለሙያው እንጂ ለማንም በየግሩፑ መበተን አይገባም።

የእኔ ደብተር አሁን ሁለተኛው ሆኗል፤ ሊያየው የሚፈልግ ካለ በሱቁ ይገኛል። ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ደግሞ ስድስተኛው ረድፍ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከ15 ወደ 120 ሚሊሰከንድ እየዘለለ፣ ከሱ ወዲያ ያሉትም እየተከተሉት ስለሆነ ትናንት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ቅጹ ላይ ይህን የሚጽፉበት ቦታ ስላጣሁ በጠርዙ ላይ በእስክሪፕቶ አስፍሬዋለሁ፤ የተቀበለችኝም ጸሐፊ ወረቀቱን አዙራ አንብባ፣ ማኅተሙ ጽሑፌን እንዳይሸፍነው ከፍ አድርጋ መታችው።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር አገልግሎት ሰጪ፣ ማራኪ፣ ጎንደር